ስለ ቢራቢሮ ክንፍና ስለ ትውልድ አገሩ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፥ በደራ አገር፥ ጉማራ በሚባለው ወንዝ አጠገብ ወንዛዬ የሚባል ስፍራ አለ። በዚያ ከምድር ውስጥ ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ሕመምተኞችም ከሩቅ እየመጡ ይታጠቡበታል። የክረምቱ ዝናብ አልፎ መስከረም ሲጠባ በሜዳው ላይ የመስቀል አበባ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ቢራቢሮዎች በአበባው ላይና በእርጥቡ ጭቃ ዳር ይታያሉ። ቢራቢሮ ከአበባ ማር ይመጥጣል፤ ከጭቃውም ውሃና ጨው ይጠጣል። ሕፃናት ያባርሩታል፤ በያዙትም ጊዜ ክንፉ በጣታቸው ላይ ዱቄት የሚመስል ነገር ይተዋል።

ይህ ዱቄት ትቢያ አይደለም። በአጉሊ መነጽር ቢያዩት እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ትንሽ ቅርፊት ነው። ቅርፊቶቹ እንደ ቤት ክዳን አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ እየተደረበ ክንፉን ይሸፍኑታል። አንዱ ቅርፊት ብዙውን ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ አለው። ሰፌድና ሌማት የምትሰፋ ሴት ቀዩን አለላ ከጥቁሩ፥ ጥቁሩን ከነጩ እያጋጠመች ሐረግ እንደምታወጣ፥ እንዲሁ በቢራቢሮ ክንፍ ላይ ያለው ነጠብጣብና መቀነት ሁሉ ከእነዚህ ጥቃቅን ቅርፊቶች ተሰፍቶ የወጣ ነው። ቅርፊቱ በጣት ከተጠረገ በኋላ ዳግመኛ አይበቅልም። ስለዚህ የሊቃውንት ልማድ ቢራቢሮን በስስ መረብ መያዝ ነው።

የባሕር ዳር ገበያ ላይ የቆመ ሰው፥ የመጣውን ነጋዴ ከአነጋገሩ የጎጃም ሰው ነው፥ የጎንደር ሰው ነው፥ የሸዋ ሰው ነው ብሎ ይለየዋል። ሦስቱም አማርኛ ይናገራሉ፥ ይግባባሉም፤ ነገር ግን በቃላቸው ላይ የአገራቸው ምልክት አለ። በቢራቢሮም ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ይገኛል። ወንዱና ሴቱ ተገናኝተው የሚራቡ፥ ልጆቻቸውም ደግሞ የሚራቡ፥ እነዚህ አንድ ዘር ይባላሉ። አንድ ዘር በሰፊ ምድር ላይ ሲኖር ግን በየአውራጃው መልኩ ይለወጣል። በአንዱ አውራጃ ያሉት በሌላው አውራጃ ካሉት በታወቀ ምልክት የተለዩ ሲሆኑ ሊቃውንት ንዑስ ዘር ይሏቸዋል። ንዑስ ዘር ማለት ባጭሩ የአገር ወገን ማለት ነው።

ዳሩ ግን ልዩነት ሁሉ የአገር ልዩነት አይደለም፤ የሥራውም ጭንቅ በዚህ ላይ ነው። ከአንዲት ላም ቀይ ጥጃና ጥቁር ጥጃ ይወለዳሉ፤ ስለ ቀለማቸው ከሁለት አገር መጡ የሚል የለም። ወቅትም መልክን ይለውጣል። በአፍሪካ ደቡብ በዝናብ ወራት ቀይ፥ በደረቁ ወራት ሰማያዊ ሆኖ የሚወጣ ቢራቢሮ አለ፤ ቀዩም ሰማያዊውም የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። እንግዲህ ክንፍን ያየ ሰው ይህ ምልክት የአገሩ ነውን? የወቅቱ ነውን? የወንድነቱ ወይም የሴትነቱ ነውን? ብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህን ለመማር ከሁሉ የሚሻለው ቢራቢሮ በኢትዮጵያ ቆላና ወይና ደጋ የታወቀ ነው። ሊቃውንት ዳናውስ ክሪሲፑስ ይሉታል። ክሪሲፑስ የሚለውን ስም የሰጠው ካርል ሊኔዎስ የሚባል የስዊድን ሊቅ ነው፤ ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1758 ነበረ። ከዚህ በኋላ የሚጻፉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ቢራቢሮ ሲበር ቀስ ይላል፤ እንደሚፈራ ፍጥረት አይቸኩልም። ምክንያትም አለው። ትሉ የሚያድገው ሲቆረጡ ወተት የሚመስል ፈሳሽ በሚያወጡ ተክሎች ላይ ነው፤ በቆላ የሚበቅለው ጦቢያ ከእነዚህ አንዱ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ መርዝ አለ። ትሉ ብዙ ጊዜ መርዙን በሥጋው ያከማቻል፤ ቢራቢሮ ሲሆንም መርዙ ከእርሱ ጋር ይቀራል። አንድ ጊዜ የቀመሰው ወፍ ያስመልሰዋል፤ ዳግመኛም ያንኑ መልክ ሲያይ ትቶት ያልፋል። የክንፉ ቀለም እንግዲህ ለወፎች የተጻፈ ማስታወቂያ ነው ቢባል አይበዛም።

ማስታወቂያው ግን በሁሉ አገር በአንድ ዓይነት አልተጻፈም። በእስያና በሰሜን አፍሪካ ያለው ወገን ክንፉ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ነው፤ የፊተኛው ክንፍ ጫፍ ጥቁር ሆኖ በጥቁሩ ላይ ነጭ መቀነት በሰያፍ ያልፋል። ይህ ራሱ ክሪሲፑስ የሚባለው ነው። በሶማሌ ምድር፥ በኬንያ ደረቅ አገርና በዐረብ ያለው ወገን ደግሞ ጥቁሩ ጫፍም ነጩ መቀነትም የለውም፤ ክንፉ እስከ ጫፉ ድረስ ብርቱካናማ ነው። ስሙ ዶሪፑስ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በብዛት የሚገኘው አልኪፑስ ነው፤ የፊተኛው ክንፉ እንደ ክሪሲፑስ ነው፥ የኋለኛው ክንፉ ግን ነጭ ነው። በአፍሪካ ደቡብ የሚገኘው ኦሪየንቲስ ይባላል፤ እርሱም ቀለሙ ወደ ቡናማ የጠቆረ ነው።

ኢትዮጵያ በእነዚህ አገሮች መካከል ናት። በምሥራቅ የዶሪፑስ አገር ያዋስናታል፤ በምዕራብ የአልኪፑስ፤ በሰሜንም የክሪሲፑስ። በምሥራቅ አፍሪካ እነዚህ ወገኖች ይገናኛሉ፥ ይዋለዳሉም፤ ልጆቻቸውም የተደባለቀ ምልክት ይዘው ይወጣሉ። በናይሮቢ አካባቢ ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር ተገኝቷል፤ በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተባይ በእናቲቱ ሥጋ ውስጥ እየኖረ ወንዶች ልጆቿን ገና በእንቁላል ሳሉ ይገድላቸዋል። ሴቶቹ ብቻ ይቀራሉ።

እንግዲህ አንድ ተማሪ በጣና ዳር አንድ ጫፉ ብርቱካናማ የሆነ ቢራቢሮ ቢይዝ፥ ይህ አገር የዶሪፑስ አገር ነው ሊል ይችላልን? አይችልም። ይህ ቢራቢሮ ሩቅ ይጓዛል፤ አንዱ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ ሊሆን ይችላል። ወይም ከተደባለቁ ወላጆች የተወለደ ሊሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ አንድ የሐረር ነጋዴ ቢገኝ ከተማይቱ ሐረር አትሆንም። አንድ መቶ ቢራቢሮ ከታየ በኋላ ግን ነገሩ ይናገራል። ከመቶው ብዙው አንድ ምልክት ካለው ስፍራው የዚያ ወገን አገር ነው፤ ሁለትና ሦስት ምልክት እኩል ተቀላቅለው ከተገኙ ስፍራው የወገኖች መገናኛ ነው። በ1949 ዲን አማዶን የሚባል የአሜሪካ የወፍ ሊቅ ስለ ንዑስ ዘር ልክ ጽፏል። እንደ እርሱ አጻጻፍ፥ ከአንዱ አገር ፍጥረቶች ከመቶው 75ቱ፥ ከጎረቤታቸው አገር ፍጥረቶች ከሞላ ጎደል ከሁሉም ተለይተው ሊታወቁ ይገባል። ሊቃውንት ሁሉ በዚህ ቁጥር አልተስማሙም። ቢሆንም ቁጥር መኖሩ ይሻላል፤ ያለ ቁጥር እንዲያው መሰለኝ ማለት ብዙ ከንቱ ስም አስከትሏል።

ከመቁጠር በፊት ግን የሚቆጠረውን ማወቅ ያሻል። የዚህ ቢራቢሮ ሴት በኋለኛው ክንፏ መካከል ሦስት ጥቁር ነጠብጣቦች አሏት፤ ወንዱ አራት አሉት። አራተኛው ነጠብጣብ ወንዱ ለሴቲቱ የሚያሸትት ሽታ የሚያኖርበት ከረጢት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ወንዱን አንድ የአገር ወገን፥ ሴቲቱን ሌላ የአገር ወገን ያደርጋቸዋል። ከዚህ የሚብስም አለ። ሂፖሊምናስ ሚሲፑስ የሚባል ሌላ ቢራቢሮ አለ፤ ሴቲቱ መርዝ የላትም፥ ነገር ግን የዳናውስን መልክ ለብሳ ትበራለች፤ ወፎችም ተታለው ይተዋታል። ዶሪፑስን የምትመስል አለች፤ አልኪፑስንም የምትመስል አለች። ባሏ ግን ጥቁር ነው፤ በክንፉም ላይ ዙሪያው ሐምራዊ የሆነ ትልልቅ ነጭ ነጠብጣብ አለው። አስመሳይቱ በኋለኛው ክንፏ ላይ፥ በላይኛው ጠርዝ አጠገብ፥ አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ አላት። ነጠብጣቡን የሚቆጥር አይታለልም።

ሁለተኛው ቢራቢሮ የጫካ ነው፤ ታሪኩም ሊቃውንትን ብዙ ዘመን ያከራከረ ነው። ፓፒልዮ ዳርዳኑስ ይባላል። ወንዱ ወተት እንደ ገባበት ቢጫ ነው፤ ጠርዙ ጥቁር ነው፤ ከኋለኛው ክንፉም ጅራት የሚመስል ነገር ተቀጥሎበታል። ትሉ ልምጭንና ዘመዶቹን ይበላል። በአፍሪካ ደቡብ ይህ ባለ ጅራት ቢጫ በየጫካው ይታይ ነበር፤ ሴቱን ግን ያየ አልነበረም። በዚያው ጫካ ጅራት የሌላቸው ሌሎች ቢራቢሮዎች ይበሩ ነበር፤ አንዷ ጥቁርና ነጭ፥ አንዷ በጥቁር ላይ ቢጫና ነጭ ነጠብጣብ ያለባት፥ አንዷም እንደ ዳናውስ ክሪሲፑስ ብርቱካናማ። ሊቃውንት ለእያንዳንዷ ስም ሰጥተው ልዩ ልዩ ዘር አደረጓቸው። ከእነዚህ ግን ወንድ ተገኝቶ አያውቅም።

በኬፕታውን የኖረ ሮላንድ ትራይመን የሚባል ሊቅ ይህን አስተዋለ። ባል ብቻ ያለው አንድ ዘር፥ ሚስት ብቻ ያላቸው ሦስት ዘሮች፥ ሁሉም በአንድ ጫካ! በ1869 ባሳተመው ጽሑፍ ሴቶቹ ሁሉ የቢጫው ሚስቶች ናቸው፥ መርዝ ያላቸውን ቢራቢሮዎች አስመስለው ይኖራሉ አለ። የተጠራጠሩ ነበሩ፤ ያፌዙም ነበሩ። ለመጠራጠራቸው ምክንያት ነበራቸው፤ በማዳጋስካር ያለችው ሴት እንደ ባሏ ቢጫና ባለ ጅራት ነበረችና። ስለዚህ ክርክሩ በቃል ሊያልቅ አልቻለም። በ1874 ግን ማንሴል ዊል የሚባል ሰው በአፍሪካ ደቡብ ትሎቹን ሰብስቦ አሳደገ፤ ከትሎቹም ቢጫ ወንዶችና ልዩ ልዩ መልክ ያላቸው ሴቶች ወጡ። የቆዩት ስሞች የዘር ስም መሆናቸው ቀረ።

በኢትዮጵያ ጫካ ያለው የዚህ ዘር ወገን ደግሞ ሌላ ነው። በዚህ አገር ሴቲቱ ብዙውን ጊዜ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ናት። ጥቂቶች ሴቶች መርዘኛውን ያስመስላሉ፤ ነገር ግን አስመስለውም ሳለ ጅራታቸውን አልጣሉም። በአብዛኛው አፍሪካ አስመሳይቱ ጅራት የላትም፤ በኢትዮጵያ ግን አላት። ይህ ምልክት የአገር ምልክት ነው። ወገኑም አንቲኖሪ ተብሎ ተጠራ። ኦራትሲዮ አንቲኖሪ ኢጣሊያዊ ተጓዥ ነበረ፤ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩ ጊዜ ወደ ሸዋ መጣ፥ በአንኮበር አጠገብ ተቀመጠ፥ በ1882ም በዚያው ሞተ። በማግሥቱ ዓመት በ1883 ሻርል ኦበርቱር የሚባል ፈረንሳዊ የኢትዮጵያውን ቢራቢሮ በዚህ ተጓዥ ስም ጠራው።

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያው ቢራቢሮ እንግሊዝ አገር ደረሰ። በሊቨርፑል ሲሪል ክላርክ የሚባል ሐኪምና ፊሊፕ ሼፐርድ የሚባል የውርስ ሊቅ፥ አንቲኖሪን ከሌሎች አገሮች ወገኖች ጋር አዋለዱት፤ ያገኙትንም በ1960 አሳተሙ። ጅራት መኖርና አለመኖር ከወላጆች በሚወረስ አንድ ጥንድ ነገር እንደሚወሰን አዩ። ይህን ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆናል። ክላርክ የቢራቢሮን ውርስ ሲመረምር የሰው ደም ወገን የሚወረስበትን ሥርዓት የሚመስል ነገር አገኘ፤ አሳቡም ወደ ደም ተመለሰ። የእናቲቱ ደምና የፅንሱ ደም ወገናቸው ሳይስማማ ሲቀር፥ የእናቲቱ ሰውነት የፅንሱን ደም እንደ ጠላት የሚዋጋበት በሽታ አለ፤ ብዙ ሕፃናትም ሞተውበታል። በ1960ዎቹ ክላርክና ባልንጀሮቹ ይህን የሚከለክል መርፌ ካስገኙት ሰዎች መካከል ነበሩ። በአሜሪካም በዚያው ዘመን ሌሎች ሐኪሞች በዚሁ ጉዳይ ደክመዋል። መርፌው እስከ ዛሬ ለእናቶች ይሰጣል።

በጣና ዙሪያና በደቡብ ጎንደር የጥንቱ ደን በብዙ ስፍራ እርሻና ግጦሽ ሆኗል። የቀረው አብዛኛውን ጊዜ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት በቢጫ እርሻ መካከል እንደ አረንጓዴ ደሴት ይታያል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ስለ ደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች መርምረው በ2007 የዶክትርና ድርሳናቸውን አቅርበዋል። የሜዳ ቢራቢሮ እርሻውን አቋርጦ ይሄዳል፤ የጫካ ቢራቢሮ ግን ፀሐይ የሚመታውን ባዶ ሜዳ ይፈራል። ልምጩ ከተቆረጠ ትሉ የሚበላውን ያጣል። የአንድ አገር ወገን ከጠፋ ደግሞ ዘሩ በሌላ አገር በሕይወት ቢኖርም የጠፋውን አይተካውም፤ ያ ባለ ጅራት አስመሳይ ከኢትዮጵያ ውጭ የሚፈለግበት አገር የለምና።

ስለዚህ በሳጥን የተቀመጠ ክንፍ ምስክር ሊሆን የሚችለው ከአጠገቡ ወረቀት ሲኖር ነው። በወረቀቱ ላይ ስፍራው፥ ቀኑና የያዘው ሰው ይጻፋሉ። «ደቡብ ጎንደር» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ደቡብ ጎንደር ሰፊ ነው፥ ደጋና ቆላም አለው። «ወንዛዬ፥ ከፍል ውሃው በታች፥ በጉማራ ዳር» ማለት ይሻላል። እጅግ ያማረ ክንፍ ወረቀቱ ከጠፋ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ግማሹ የተቀደደ ክንፍ ስፍራውና ቀኑ ከተጻፈለት ሊቅ ይፈልገዋል።

ቢራቢሮን ሳይገድሉም መቁጠር ይቻላል። ተማሪው በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ሰዓት ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የበረረውን ሁሉ ሳይሆን በአበባ ላይ ተቀምጦ በደኅና ያየውን ዳናውስ ይቆጥራል። ጫፈ ጥቁሩን በአንድ ረድፍ፥ ጫፈ ብርቱካናማውን በሌላ ረድፍ፥ የኋለኛ ክንፉ ነጭ የሆነውን በሦስተኛ ረድፍ ይጽፋል። ሴትና ወንዱን በነጠብጣባቸው ይለያል። ክንፉ ያረጀውንና ያልለየውን «ያልታወቀ» በሚል አራተኛ ረድፍ ያኖረዋል፤ ወደ ሚወደው ረድፍ አይጨምረውም። በመስከረም የቆጠረውን በጥር፥ በጥር የቆጠረውን በግንቦት በዚያው መንገድ ይደግመዋል። ከሦስቱ ረድፎች አንዱ ባዶ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ባዶውን አይሰርዘውም፤ 0 ብሎ ይጽፍበታል፥ ቀኑንም ከጎኑ ያኖራል።